«እግርህ መሬት ይደርሳል?» ልክ የሆነ ኮርስ ብስክሌት በትንሽ ብር

(ጎንደር ፒያሳ አካባቢ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ለብስክሌት ወዳጆች ያወራሁት ነው። ስልክ ላይ ከተቀዳው ገለበጥኩት። የሲኒውን ኳኳታና የእኔን «እእእ» አውጥቻለሁ፤ ሌላው እንዳለ ነው።)

ከኋላ ያላችሁ ይሰማል? ሸጋ።

በጥያቄ ልጀምር። ብስክሌት ስትገዙ ሻጩ «እስቲ ውጣበት፣ እግርህ መሬት ይደርሳል?» ያላችሁ እጅ አውጡ። አያችሁ፣ ያላወጣ የለም ማለት ይቻላል። እኔንም ብሎኛል። ወጣሁበት፣ እግሬ ደረሰ፣ የሦስት ወር ደመወዜን ቆጥሬ ሰጠሁት። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ልኬ ባልሆነ ብስክሌት ስሰቃይ ከረምኩ።

ዛሬ የማወራው ያ ጥያቄ ለምን ጉድ እንደሚሠራን ነው። ኮርስ ብስክሌት፣ ያ መሪው ወደ ታች የታጠፈው የውድድር ዓይነቱ፣ ሰውን የሚጎዳው ወደ ታች ሳይሆን ወደ ፊት ነው። ወገብ የሚሰብረው፣ ጣት የሚያደነዝዘው፣ አንገት የሚያደርቀው ከኮርቻው እስከ መሪው ያለው ርዝመት ነው። የኮርቻ ከፍታ በአንድ ቁልፍ በአንድ ደቂቃ ይስተካከላል። የፍሬሙ ርዝመት ግን ከፋብሪካ ሲወጣ ያለቀ ነገር ነው። ብትለምኑም፣ ብታለቅሱም ሁለት ሳንቲ ሜትር አያጥርላችሁም።

ይሄ የእግር ጉዳይ ከልጅነት የመጣ ይመስለኛል። ጃንተከል አካባቢ ሳይክል በደቂቃ ሒሳብ እየተከራየን ያደግን አለን እዚህ፣ አይደል? ሳንቲም ሰብስበን፣ ተራ ጠብቀን፣ የሚደርሰን የአዋቂ ሳይክል ነው። ኮርቻው ላይ ከወጣን ፔዳሉ አይደርሰንም። ስለዚህ አንድ እግራችንን በፍሬሙ መሃል አሾልከን፣ ሰውነታችንን ወደ አንድ ጎን ጥለን፣ ግማሽ ዙር ግማሽ ዙር እየረገጥን እንነዳለን። ጉልበታችን ተልጦ ቤት እንገባለን፣ ከዚያም እንገረፋለን። ለእኛ ለእነዚያ ልጆች እግር መድረስ ማለት ትልቅ ነገር ነበር። እግርህ የደረሰ ቀን ሰው ሆንክ። ያ ልጅ አድጎ ደመወዝተኛ ከሆነ በኋላም ውስጣችን ተቀምጦ ብስክሌት የሚገዛልን እሱ ነው።

የእኔን ልንገራችሁ። ሻጩ ማን እንደሆነ አልናገርም፣ ሰውየውን ልወቅስ አይደለም የመጣሁት። ባሕር ዳር እንደምታውቁት ሜዳ ነው፣ የብስክሌት ከተማ ነው፣ ያገለገለ ኮርስ እዚያ ይሻላል ተባልኩና ወረድኩ። 180 ኪሎ ሜትር አካባቢ በሚኒባስ ተቀምጬ። ደርሼ ሳየው ሰማያዊ ነው። የብረት ፍሬም፣ የሚያብረቀርቅ፣ መሪው ላይ አዲስ ነጭ ፕላስተር የተጠቀለለበት። በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለእኔ ነው። ሻጩ ኮርቻውን እስከ መጨረሻው ዝቅ አደረገልኝ፣ እግሬ ደረሰ፣ ተጨባበጥን። ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ አስሬ ጎንደር አመጣሁት።

በሳምንቱ አዘዞ ደርሼ ተመለስኩ። ከፒያሳ አዘዞ ወደ 12 ኪሎ ሜትር ነው፣ ሲሄዱ ቁልቁለት ሲመለሱ ዳገት። ቤት ስገባ የሁለቱም እጆቼ ትናንሽ ጣቶች ደንዝዘው የሸሚዜን ቁልፍ መፍታት አቃተኝ። ቆሜ ስታገል እናቴ መጥታ ፈታችልኝ። ከዚያ በሩ ላይ የተደገፈውን ብስክሌት አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ «የአባትህን ኮት የለበስክ ነው የምትመስል» አለችኝ። ብስክሌት ነድታ የማታውቅ ሴት ናት። ግን ልክ ነበረች። ፍሬሙ 57 ነው፣ የእኔ ልክ 54 ነው። ይህን ያወቅሁት ግን ከወራት በኋላ ነው።

እስከዚያ ድረስ ሰው ሁሉ መካሪ ሆነብኝ። አንዱ ጓደኛዬ «መሪው ከራቀህ ኮርቻውን ወደ ፊት ግፋው» አለኝ። ምክንያታዊ ይመስላል፣ አይደል? ገፋሁት። እጄ ትንሽ ቀለለው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጉልበቴን ከፊት ለፊት ያመኝ ጀመር። ይሄን ስህተት ብዙ ሰው ይሠራል፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ኮርቻው የሚቀመጠው ለእግር ነው፣ ለእጅ አይደለም። እግራችሁ የሚረግጠው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ፔዳሎቹ የሚዞሩበት መሃል አይንቀሳቀስም። ኮርቻው ከዚያ መሃል ምን ያህል ከፍ እንዳለና ምን ያህል ወደ ኋላ እንደራቀ ነው የጉልበታችሁን ጤና የሚወስነው። መጀመሪያ ይህንን ታስተካክላላችሁ፣ ከዚያ በኋላ አትነኩትም። እጃችሁ ካልደረሰ መሪው ወደ እናንተ ይመጣል እንጂ እናንተ ወደ መሪው አትሄዱም። መሪውን ከፍሬሙ ጋር የሚያገናኘው አጭር ክንድ አለ፣ ስቴም ይባላል። እሱ በተለያየ ርዝመት ይገኛል። የ12 ሳንቲ ሜትሩን አውጥታችሁ የ9 ካስገባችሁ መሪው 3 ሳንቲ ሜትር ቀረበ ማለት ነው። በጣም ሲያጥር ግን መሪው ይቅበጠበጣል፣ ቁልቁለት ላይ ያስፈራል። ኮርስ ላይ ከ8 በታች ባትወርዱ ይሻላል። ስለዚህ በስቴም የሚድን ብስክሌት አለ፣ የማይድንም አለ።

የእኔ በስቴም ይድን ነበር። የ13 ስቴም ነበረው፣ በ10 ቢተካ ሸጋ ይሆን ነበር። ብስክሌት ሠሪው ጋ ወሰድኩት። ብሎኑን ፈታ፣ በመዶሻ ቀስ ብሎ መታ፣ ዘይት አፈሰሰበት፣ አሳደረው፣ በነጋታው እንደገና መታ። ንቅንቅ አልል አለ። ድሮ የተሠሩ ብስክሌቶች ላይ ስቴሙ በፊት ቱቦው በኩል ወደ ውስጥ የሚገባ ነው፤ ውስጡ ለዓመታት ላብና ዝናብ ሲጠጣ ከርሞ ከብረቱ ጋር አንድ ሆኗል። «ይሄ ከዚህ በኋላ የሚወጣው ተቆርጦ ነው» አለኝ። አሁን ብስክሌት ላየው ስሄድ ቀለሙን ሳላይ «አለን» የሚባለውን ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ አውጥቼ ሁለት ነገር አስፈታለሁ፤ ስቴሙን እና ኮርቻውን የተሸከመውን ዘንግ። የአሉሚኒየም ዘንግ በብረት ፍሬም ውስጥ ቅባት ሳይነካው ከቆየ ይጣበቃል። ሻጩ «አይ፣ እሱ ጥብቅ ነው፣ ቀስ ብሎ ይፈታል» ካለ ደህና ዋል ብላችሁ ሂዱ። የማይንቀሳቀስ ዘንግ ያለው ብስክሌት ልካችሁ የሚሆነው በአጋጣሚ ብቻ ነው።

አሁን ወደ መለካቱ። አንድ ፈቃደኛ እፈልጋለሁ። ነይ እስቲ። ጫማሽን አውልቂ። ግድግዳውን ተደግፈሽ ቁሚ፣ እግርሽን ትንሽ ክፈቺ። ይሄን ወፍራም መጽሐፍ፣ የ12ኛ ክፍል ፊዚክስ ነው፣ በመጨረሻ ጥቅም አገኘንለት፣ በእግሮችሽ መሃል አስገቢው፣ ጀርባው ወደ ላይ፣ ጫፉ ግድግዳውን ይንካ። ኮርቻ ላይ የተቀመጥሽ ያህል ወደ ላይ ጫን አድርጊው። እሺ፣ እዚያው ያዢው። ጓደኛሽ በእርሳስ ምልክት ታድርግ። ከወለሉ እስከ ምልክቱ ስንት ይላል? 77። አንዴ ብቻ አይበቃም፣ ሦስቴ ለኩ። ሁለተኛው? 77 ተኩል። ሦስተኛው? 77። እንግዲህ 77 እንያዝ።

አሁን ስልካችሁን አውጡና 77ን በ0.883 አባዙ። 68 ይመጣል። ይህ ቁጥር በአሜሪካዊው ግሬግ ሌመንድ ስም የታወቀ ነው፤ ቱር ደ ፍራንስን ሦስት ጊዜ ያሸነፈው፣ በፈረንጆቹ 1986፣ 1989 እና 1990። ፔዳሎቹ ከሚዞሩበት መሃል ጀምሮ በኮርቻው ቱቦ አቅጣጫ እስከ ኮርቻው አናት 68 ሳንቲ ሜትር ለእሷ ጥሩ መነሻ ነው። መነሻ ነው ያልኩት፤ ከዚያ በኋላ በትንሽ በትንሹ፣ በሦስትና በአምስት ሚሊ ሜትር እየሞከረች ታስተካክለዋለች። ቁጥር ለማይወድ ደግሞ ተረከዝ አለ። ኮርቻው ላይ ተቀምጣችሁ ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ ስታደርጉ፣ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበታችሁ ቀጥ ማለት አለበት። በእግራችሁ ፊተኛ ክፍል ስትረግጡ ያን ጊዜ ጉልበቱ በልኩ ይታጠፋል።

አሁን አንድ ነገር ላሳያችሁ። ፔዳሎቹ የሚዞሩበት መሃል ከመሬት ወደ 27 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ቱቦው ወደ ኋላ ያዘነበለ ስለሆነ የእሷ 68 ወደ ላይ ሲለካ 65 አካባቢ ነው። 27 እና 65፣ 92። የእሷ እግር 77 ነው። 15 ሳንቲ ሜትር ይጎድላል! ስለዚህ ኮርቻዋ በትክክል ተስተካክሎ ከተቀመጠችበት እግሯ መሬት የሚደርሰው በጣቶቿ ጫፍ ነው፣ ያም ብስክሌቱን ትንሽ ካዘነበለች። ተቀምጣችሁ ሁለት እግራችሁ ሙሉ በሙሉ መሬት ከረገጠ ኮርቻው ዝቅ ብሏል ማለት ነው፣ ጉልበታችሁን እየበላው ነው። «እግርህ ይደርሳል?» ለሚለው ጥያቄ ትክክለኛው መልስ «አይደርስም፣ መድረስም የለበትም» ነው።

(ሳቅ።)

እግርና መሬት የሚገናኙበት አንድ ቦታ አለ፣ እሱን አልክድም። ከኮርቻው ወርዳችሁ የላይኛውን ቱቦ በእግራችሁ መሃል አድርጋችሁ ስትቆሙ በቱቦውና በእናንተ መሃል ሁለት ሦስት ጣት ክፍተት ይኑር። ለምን እንደሆነ ለወንዶች ማስረዳት አያስፈልግም።

ፍሬሙ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። እግሯን በ0.65 እና በ0.67 ብናባዛው 50 እና 51.6 ይመጣል፤ ስለዚህ 50 ወይም 52 የሚል ፍሬም ትፈልጋለች። ነገር ግን አንዱ አምራች የኮርቻውን ቱቦ ከመሃል እስከ አናቱ ይለካል፣ ሌላው ከመሃል እስከ የላይኛው ቱቦ መሃል ይለካል፤ በሁለቱ መካከል አንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ልዩነት አለ። የአሁኖቹ ደግሞ የላይኛው ቱቦ ወደ ኋላ ያዘቀዘቀ ስለሆነ የኮርቻ ቱቦው አጭር ነው፣ ቁጥሩም ምንም አይነግራችሁም። ሚዲየም፣ ላርጅ የሚለውማ የሸሚዝ ነገር ነው። ስለዚህ የተጻፈውን ተዉትና ራሳችሁ ለኩ።

ምን ይዛችሁ? ሜትር፣ ውኃ ልክ እና ቱንቢ። የግንበኛ ዕቃ ነው፣ ጎረቤት አይጠፋም። ውኃ ልኩን ከፊት ቱቦው አናት መሃል ጀምራችሁ ወደ ኋላ በአግድም ያዙት፣ አረፋው መሃል ላይ ይቁም፤ የኮርቻውን ዘንግ መሃል የሚነካበት ድረስ ያለውን ለኩ። ይሄ ነው የፍሬሙ እውነተኛ ርዝመት። በግርድፉ ቁመቱ 1.65 አካባቢ ለሆነ ሰው 52 እና 53፣ 1.72 አካባቢ ለሆነ 54 እና 55 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ነው። በግርድፉ ነው። እኔና ጓደኛዬ ቁመታችን እኩል ነው፣ የእኔ እግር ግን ከእሱ በ4 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፣ ወገቤ በዚያው ልክ ያጥራል። አንድ ዓይነት ሱሪ አንገዛም፣ አንድ ዓይነት ብስክሌትም አንገዛም።

ዘንጉን ወደ ኋላ ያዘነበለ ፍሬም ይሄን ልኬት ሊያሳስት ይችላል፣ ስለዚህ ሌላ ዘዴ አለ፣ እኔ የምወደው። የኋላ ጎማው ግድግዳ እስኪነካ አስጠጉት፣ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት። ከግድግዳው ፔዳሎቹ እስከሚዞሩበት መሃል ለኩ። ከዚያ ከፊት ቱቦው አናት መሃል ቱንቢ ወደ መሬት ጣሉና ከግድግዳው እስከ ቱንቢው ክር ለኩ። የመጀመሪያውን ከሁለተኛው ቀንሱ። ለምሳሌ 74 እና 112 ቢመጣ 38 ነው። ይሄ ቆማችሁ ስትረግጡ መሪው ምን ያህል እንደሚርቅ የሚናገር ቁጥር ነው፣ ኮርቻው የትም ቢሆን አይዋሽም። መካከለኛ ቁመት ላለን ሰዎች 37 እና 38 አካባቢ የተለመደ ነው። ሻጩ እብድ ነው ብሎ ያያችኋል፣ ይየው።

ከዚያ ውጡበት። አንድ ሰው ከኋላ ይያዛችሁ፣ ወይም ለጥ ያለ ቦታ ላይ ቀስ ብላችሁ ንዱ። እጃችሁ የፍሬኑ መያዣ አናት ላይ ይሁን። ክርናችሁ ትንሽ ይታጠፍ፣ ትከሻችሁ ወደ ጆሯችሁ አይውጣ። አሁን እየረገጣችሁ ሁለቱንም እጃችሁን ከመሪው አንድ ጣት ያህል ብቻ አንሱ። ወደ ፊት ከወደቃችሁ ክብደታችሁ እጃችሁ ላይ ነው ያለው። ለሁለት ሰከንድ ከቆማችሁ ጥሩ ነው። ይሄን ሙከራ የማይፈቅድ ሻጭ ካለ ብሩን ኪሳችሁ ውስጥ መልሱት።

የሚያማችሁ ቦታም ይናገራል። ጉልበት ከፊት ካመመ ኮርቻው ዝቅ ብሏል ወይም ወደ ፊት ቀርቧል። ከኋላ በኩል፣ ከጉልበት እጥፋቱ ካመመ ከፍ ብሏል። ከኋላ የሚያያችሁ ሰው ዳሌያችሁ ግራ ቀኝ ሲወዛወዝ ካየ እንደዚያው ከፍ ብሏል። እጅ ከደነዘዘ መሪው ርቋል ወይም የኮርቻው አፍንጫ ወደ ታች ዘንብሎ እያንሸራተታችሁ ነው።

ስለ ብሩ እናውራ፣ የመጣችሁበት እሱ ነው።

ካላችሁ ብር ከአሥር ስምንቱን ለብስክሌቱ፣ ሁለቱን ለማስተካከያ አድርጉ። ሁሉንም አትስጡ። እኔ ሁሉንም ሰጥቼ ስለነበር ለአንድ ስቴም እንኳ አንድ ወር ጠበቅሁ፣ እሱም ምንም አልጠቀመኝም እንጂ። በቀረው ስቴም፣ ኮርቻ፣ የፍሬን ሽቦ ትገዛላችሁ። ስቴም ከመግዛታችሁ በፊት የመሪውን ውፍረት መሃሉ ላይ ለኩ፤ 25.4 አለ፣ 26 አለ፣ 31.8 ሚሊ ሜትር አለ፣ አንዱ ለሌላው አይሆንም። የኮርቻ ዘንግም እንዲሁ፣ በ0.2 ሚሊ ሜትር ይለያያል። ቆርቆሮ ጠቅልሎ የሚያስገባላችሁ ሠሪ አለ፣ አመስግናችሁት ሌላ ፈልጉ።

ትንሽ ብር ላለው ሰው የእኔ ምርጫ ብረት ነው። ይከብዳል፣ እውነት ነው። ግን ቢጣመም ይታያል፣ ቢሰነጠቅ እጁ ያማረ በያጅ ሊያድነው ይችላል። አሉሚኒየም ከሆነ የፊት ቱቦው ከታችኛው ቱቦ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ በጨርቅ ጠርጋችሁ እዩ፤ ቀለሙ ከተሸበሸበ ወይም ፀጉር የመሰለ መስመር ካለ ትቼዋለሁ በሉ። ያገለገለ ካርቦን በርካሽ የሚሸጥላችሁ ካለ ለምን ርካሽ እንደሆነ እሱ ያውቃል።

ሰንሰለቱንም በዚያው ሜትር ለኩት። በደንብ ወጥራችሁ 12 ሙሉ ቀለበት (ጠባቡና ሰፊው አንድ ላይ አንድ ተብሎ ይቆጠራል) ስትለኩ 30 ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነው አዲሱ። ወደ 30.8 ከደረሰ ሰንሰለቱ ብቻ ሳይሆን የኋላ ማርሹም ተበልቷል፣ ከዋጋው ላይ አስቀንሱ።

ጎንደር ውስጥ የምትነዱ ከሆነ ደግሞ ሁለት ነገር። አንደኛ ኮብልስቶን። ፍሬሙ 28 ሚሊ ሜትር ጎማ የሚያስገባ መሆኑን እዩ፣ በ23 ጎማ በየሰፈሩ ድንጋይ ላይ መሄድ ጥርስ ያረግፋል፤ ሰዉ ጥፋቱን ከብስክሌቱ ልክ ላይ ያሳብባል፣ ጥፋቱ ግን የጎማው ነው። ሁለተኛ ዳገት። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ላይ ነው ያለችው፣ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፣ መንገዱም ወይ ሽቅብ ወይ ቁልቁል ነው። ከፊት ትንሹ ማርሽ 39 ጥርስ፣ ከኋላ ትልቁ 23 ጥርስ የሆነ የድሮ ውድድር ብስክሌት ይዛችሁ የቁስቋምን ዳገት ሞክሩት። ጉልበታችሁ ሲያማችሁ ኮርቻው ነው ትላላችሁ፣ ማርሹ ነው። 34 ለ28 ብታገኙ በጣም ይሻላል።

ሦስተኛም አለ ለካ፣ ነፋስ። ቀጭን ቫልቭ ያለው ካላማዳሪ ከሆነ ጎሚስታው ጋ ያለው መንፊያ አይገባለትም፣ የእሱ ለመኪና ነው የተሠራው። ትንሽ የናስ ማገናኛ አለች፣ ከጣት ጫፍ የማትበልጥ። አንዷን ቁልፍ መያዣችሁ ላይ አስሩ። እኔ አንድ ጊዜ ከአዘዞ ብስክሌቴን እየገፋሁ የተመለስኩት እሷን ረስቼ ነው፣ ባጃጆቹ ሁሉ እየሳቁብኝ።

አንዳንዱ ሰው «ይሄ ሁሉ ልኬት ለእኛ አገር ምን ያደርጋል» ይለኛል። እንዴት ምን ያደርጋል? ይህች አገር በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ኦሎምፒክ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትወዳደር ከሯጮቹ ጋር የላከችው ብስክሌተኞችን ነው። ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. ቱር ደ ፍራንስን የነዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ብስክሌት ለእኛ ትናንት የመጣ ነገር አይደለም። የሌለን ሜትሩ ነው።

እሺ፣ ጥያቄ።

አንድ ጋሼ «በሁለት ልክ መሃል ከሆንኩ ትንሹ ይሻላል ወይስ ትልቁ?» ብለው ጠየቁ። ጋሼ፣ አብዛኛውን ጊዜ ትንሹ ይሻልዎታል። ትንሹን በስቴም ያስረዝሙታል፣ ዘንጉን ከፍ ያደርጉታል። ትልቁን ግን አያሳጥሩትም። ብቻ ዘንጉ ላይ «ከዚህ በላይ አታውጣ» የሚል መስመር አለ፣ እሱን እንዳያልፉ፤ መሪውም በጣም ዝቅ ብሎ ወገብዎን እንዳያጎብጥዎት ይዩ። ወገብዎ ቀድሞም የሚያምዎት ከሆነ የፊት ቱቦው ረዘም ያለውን ይምረጡ።

አንዲት እናት ደግሞ የ13 ዓመት ልጃቸው ኮርስ እንደሚፈልግ፣ «እንዲያድግበት» ብለው ትልቅ ሊገዙለት እንዳሰቡ ነገሩን። እትዬ፣ ሁላችንም እንድናድግበት የተገዛ ጫማ አድርገን ጋዜጣ ጠቅጥቀንበት ትምህርት ቤት ሄደናል። ጫማ ቢወልቅ ይወልቃል። ብስክሌት ላይ ግን ልጁ እጁ ፍሬኑን በደንብ ካልጨበጠ ከፋሲል ግቢ ወደ ታች ሲወርድ የሚያቆመው ባጃጅ ነው። አሁን የሚሆነውን ያገለገለ ግዙለት፣ በደንብ ከተያዘ ከሁለት ዓመት በኋላ ለሌላ ልጅ ብዙ ሳይከስሩ ይሸጡታል።

ቅድም የለካናት ልጅ እጇን አወጣች። በቴሌግራም የወጣ አንድ ቀይ ኮርስ ሁለት ሳምንት ሙሉ ዓይኗን ጥላበታለች፣ ሻጩ «ለሴት የሚሆን ነው» ብሏታል። ለሴት የሚሆን ያደረገው ምንድን ነው አልኳት። «ቀይ ስለሆነ መሰለኝ» አለች። እንግዲህ ለሴት የሚሆን ብስክሌት ቢኖር ሌላ ነገር ነው የሚታየው፤ መሪው ከትከሻዋ ስፋት ጋር ይሄዳል ወይ፣ 44 ነው ወይስ 38 እና 40፣ ጣቷ ፍሬኑን ከታች በኩል ሲይዝ ይጨብጣል ወይ፣ ኮርቻው ለመቀመጫ አጥንቷ ይሰፋል ወይ። ቀለሙን ማንም ይቀባል።

«አሁኑኑ ጻፊለት» አልኳት። «የላይኛው ቱቦ ላይ ሜትር ዘርግቶ ፎቶ ያንሳልሽ።» ጻፈችለት። «ሜትር የለኝም» አላት። «ልብስ ሰፊ ጋ ሂድ» ብላ መለሰችለት፣ አዳራሹ ሳቀ። ከዚያ ሌላ ጥያቄ፣ ሌላ ጥያቄ፣ ቡና ዞረ። ሰዉ መበተን ሲጀምር ስልኳን ይዛ መጣች። ፎቶው ላይ ቀይ ቱቦ፣ በላዩ የተዘረጋ ቢጫ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ጫፉን የያዘ አውራ ጣት። 56 ይላል።

ትንሽ ዝም አለች። «ቀዩ ግን ያምር ነበር» አለችና ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።